ባዶ ሰፈፍ

ወረቀቱ ላይ ያለው አጭር ነው፤
«ይታይሽ አንማው፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ከማቻክል፣
የቀኝ ቅንድብ ጫፍ ላይ፣ ጠጠር የመሰለ፣ የማያም፣
ሁለት ዓመት የቆየ።»
ጠርሙሱን ወዘወዝሁት። ከሽምብራ ይበልጣል፣ ከባቄላ ያንሳል፤
ምላጩ ሲነካው እንደ ኖራ ተንኮሻኮሸ።

አባትየው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፣
እጃቸው በንብ የተነደፈ፣ ጋቢያቸው ጭስ ጭስ የሚል።
«አንዱ ድንጋይ ነው አለኝ፣ አንዱ ሥር አለው አለኝ፣
ጠበልም ወሰድኋት፣ አልሟሟ አለ።
አንቺስ ምን ትያለሽ፤ የሞተ ነው ወይስ ያለ?»

«አራት ቀን ይስጡኝ» አልሁ።
እኛ ቤት መልስ ሰም ውስጥ ገብቶ ነው የሚወጣ።

ሥጋውን በአልኮል አደረቅሁት፤
ሰም አቅልጬ ከላዩ አፈሰስሁ፣ ቀዝቅዞ ጡብ ሆነ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጌ ገፈፍሁት፣
ከዚያ ያንኑ ሰም መልሼ አቀለጥሁት፤
ሰሙ ሳይወርድ የሚታይ ነገር የለም፣
ይህን ደግሞ ጎጃም ለተወለደ ማስተማር አይገባም።

መጀመሪያ ያየሁት ዳርቻውን ነው፤
ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ አማኑኤል ገበያ
ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋ የህዋስ መንጋ፤
ፀጉር ለመሆን የተነሳ፣
መንገዱን ግን የሳተ።
አንዱ ሁለት ሲሆን በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ወደ መሃል ሳልፍ ጩኸቱ ቀነሰ።
ሐምራዊ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ ታጥቦ የነጣ ሸማ።
እዚያ የቆሙት ሞተዋል፤ ግን አልወደቁም።
ግድግዳቸው አለ፣ ሰልፋቸው እንኳ አልፈረሰም፤
አስኳሉ የነበረበት ቦታ ብቻ
ክብ ባዶ፣
ማሩ ተጨምቆ የቀረ ሰፈፍ።
መጽሐፉ የጥላ ህዋስ ይላቸዋል።
በየጥጉ ኖራ አርፎባቸዋል፤ ቅንድቧ ላይ የጠጠረው እሱ ነው።

ከባሕር ዳር በበረዶ ሳጥን የመጣ ሁለት ጠብታ ቀርቶን ነበር፤
አንዱ የሚያድገውን ይጠቁማል፣ ስሙ ኪ ስልሳ ሰባት፣
ሌላው «አትሙት» እያለ የሚከለክለውን፣ ቢሲኤል ሁለት።
ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣውን በጀርባዬ ደግፌ ቆምሁ፣
ጄኔሬተሩ እስኪያስል የማላምንበትን ሁሉ ተሳልሁ።

ብርሃን ሲመለስ ዳርቻው ቡናማ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ጠበቀኝ፤
እያንዳንዱ ነጥብ «እኔ እያደግሁ ነው» የሚል የወጣ ጣት።
ቆጠርሁ፤ ከመቶው ሃያ ሦስት።
ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ግን
ጣቱ ሁሉ ታጥፏል፣
«አትሙት» ባዩም ድምፁን አጥፍቷል።
ማንም አልገደላቸውም። ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ዘጉ፣
በር ቆልፎ ኩራዙን እፍ ብሎ እንደሚተኛ ሰው።

ፀጉርም እንዲህ ነው ለካ፤
የምናበጥረው፣ የምንሸርበው፣ ቅቤ የምንቀባው ሁሉ ሬሳ ነው፣
ሥሩ ብቻ ነው የሚኖር።
ይህች ጠጠር ሌላ ኃጢአት የላትም፤
መውጫ አጥታ፣ ከቆዳ በታች፣
ፀጉር ልሁን ማለቷ ነው።

በአራተኛው ቀን መጡ።
ቃል ፈለግሁ። «ምንም አይደለም» ብል ውሸት፣ «ዕጢ ነው» ብል ይደነግጣሉ፤
ማይክሮስኮፑን አስጠጋሁና ወንበሬን ለቀቅሁላቸው።
ጎንበስ አሉ። ዝም።
ረጅም ዝም።
«ይህንማ አውቀዋለሁ፤ ያረጀ የማር እንጀራ ነው።
ንቡ ትቶታል፣ ግን አያፈርሰውም፤
አጠገቡ አዲስ ይሠራል።»
ቀና አሉ። «ክፉ ነው?»
«አይደለም።»
«ታዲያ ያለ ነው፣ የሞተ?»
«ዳሩ ያለ፣ መሃሉ የሞተ። ዶክተሩ ሁሉንም አውጥቶታል፣ አይዞዎት።»

ልጅቱ በሩ ሥር ነበረች፣
ፋሻዋን በጣቷ እየነካካች።
«ጠጠሬስ?» አለችኝ፤ «የት አደረጋችሁት?»

ሰም ውስጥ ነው አልኋት፤ ደብረ ማርቆስ፣ ሦስተኛው መሳቢያ፣
ቁጥር አራት መቶ ሠላሳ አንድ፤
እኔና አንቺ ስናረጅ እሱ ልክ እንደ ዛሬ ነው።
ግንባሯን ቋጠረች።
ከፋሻው ጠርዝ፣ ከተላጨው ቅንድብ፣
የጥቂት ቀን ፀጉር፣
ጥቁር፣ አጭር፣
ቀጥ ብሎ ወጥቷል።